ስለ ፕላዝማ ትምህርትና ስለ መምህራን መተባበር

በ1997 ዓ.ም. በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ሲስፋፋ ዓላማው የሚመሰገን ነበር፤ ይኸውም የሆሳዕናና የዱራሜ ተማሪ ከአዲስ አበባው ጋር እኩል ትምህርት ያገኝ ዘንድ ነው። ይሁን እንጂ አሠራሩን ስንመረምር አንድ ከባድ ጉድለት እናገኛለን። ትምህርቱ በአብዛኛው በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በሳተላይት የሚተላለፍ ስለ ነበረ፣ ተማሪው «አልገባኝም» ቢል ቆም ብሎ የሚጠብቀው አልነበረም። ለመምህሩም የተተወለት በክፍለ ጊዜው መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ፊደል በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ የቈጠረ ልጅ ይበልጥ የተጐዳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥፋቱ የመሣሪያው ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አንስማማም። ጥቁር ሰሌዳም መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የሚጽፍበትም የሚያጠፋበትም መምህሩ ራሱ ነው።

ዛሬ በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አሉ፤ ዩኒቨርሲቲው በዱራሜም ካምፓስ አለው። የትምህርቱን ይዘት፣ የማስተማሩን ዘዴና የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቁ መምህራን በአንድነት ተቀምጠው አጫጭር ትምህርቶችን ቢቀርጹ፣ በክፍልም ሞክረው ቢያርሙ፣ ያለፈው ጉድለት አይደገምም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለምን?

ነገር ግን ትብብር በትርፍ ሰዓት ብቻ አይጸናም። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት፣ መምህራኑ አብረው የሚያዘጋጁበት ሰዓት እንደ ማስተማር ሥራ ተቈጥሮ ይሰጣቸው እንላለን።