«የደም ስብ» ስለሚባለው ትርጉም

«ኮሌስትሮል»ን «የደም ስብ» ብሎ የመተርጐም ልማድ ትችት ያሻዋል እንላለን። ኮሌስትሮል ከስብ ወገን ቢመደብም ስብ ራሱ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ሸቭረል የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ስሙን ያወጣለት «ሐሞት» እና «ጥጥር» ከሚሉት የግሪክ ቃላት ነው።

የትርጉሙ ጉዳት ጐልቶ የሚታየው በሉኪሚያ፣ ማለትም በደም ካንሰር ላይ ነው። በአጣዳፊው ዓይነት የታመሙት ሕዋሳት ኮሌስትሮልን ከደም በብዛት ስለሚወስዱ መጠኑ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ሕመሙ ሲበርድ ይመለሳል። «የደም ስብዎ ቀንሷል» የተባለ ሕመምተኛ ግን ነገሩን እንደ ምሥራች ይቀበለዋል።

ሁለቱ ቋንቋዎች ጐን ለጐን በሚነገሩባቸው በጭሮና በመሰላ ደግሞ «ስብ» ቃል በቃል ወደ ኦሮምኛ ቢሻገር «ጮማ» ይሆናል፤ ይህም በአማርኛ የድግስ ሥጋ ስም ነው። ስለዚህ «ኮሌስትሮል» እንዳለ ይጻፍ፤ መቀነሱም ሁልጊዜ የጤና ምልክት አለመሆኑ በፍችው ይገለጽ።