በሁለት ወገን የተከፈለ ፋይል

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገው ደብሊው ኤስ ኤል 2 እውነተኛውን የሊኑክስ ከርነል በቨርቹዋል ማሺን አድርጎ ወደ ዊንዶውስ ስላስገባ ተመስግኗል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ነገር ግን በዊንዶውስ ወገን የተቀመጠውን ፋይል ከሊኑክስ ሆኖ መክፈት ከፊተኛው እትም ይልቅ ዘግይቷል።

ብዙዎች ዲስኩን ይወቅሳሉ፤ እኛ ግን ጥፋቱን የምናገኘው በመንገዱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ 9ፒ በሚባለው ፕሮቶኮል ይሻገራል፤ ይኸውም በቤል ላቦራቶሪ በአውታር ለተገናኙ ኮምፒዩተሮች የተሠራ ነው። (እዚህ ግን ኮምፒዩተሩ አንድ ነው!) አንድ ትልቅ ፋይል ሲነበብ ጥያቄው ጥቂት ስለ ሆነ ጉዳቱ ይቀላል፤ ጊት የብዙ ሺህ ትናንሽ ፋይሎችን ሁኔታ ሲመረምር ግን ምልልሱ በየፋይሉ ይደጋገማል።

የድርጅቱ መመሪያ ፋይሉን በሊኑክስ ወገን አስቀምጡ ይላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ተማሪ ግን መመሪያ የሚያነበው ሥራው ከዘገየበት በኋላ ስለ ሆነ፥ ማስጠንቀቂያው ተጠቃሚው የዊንዶውሱን ፎልደር ገና ሲከፍት ሊታየው ይገባል እንላለን።