«ሲጋራዋን ተዉለት»

እኔ አላጨስም። ባለፈው ክረምት ግን ሱሉልታ ላይ ከአንዲት ሱቅ ሁለት ፓኮ ኒያላ ገዛሁ። አጠገቤ የቆመው ጎረምሳ «ሁለት ፍሬ» ብሎ ብሩን ዘረጋ። ሲጋራ በፍሬ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል፤ 21 ዓመት ላልሞላው መሸጥም እንዲሁ። ባለሱቁም ልጁም ይህን የሰሙ አይመስሉም። እኔም የአዋጅ ዘበኛ አልሆንኩም፤ የተቸገረ ሰው ልጠይቅ ነበር የምሄደው።

የድሮ ተማሪዬ ነው። ፈተና ወረቀቱ ላይ ከጠየቅሁት በላይ የሚጽፍ፣ አንዳንዴም እኔን የሚያርም ልጅ ነበር። ጫትና አረቄ ሲያንገላቱት ከርመው ቤተሰቡ አንድ የሱስ ማገገሚያ ቤት አስገቡት (ስሙ ይቆየን፤ ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም)። በሩ ላይ ጥበቃው ፌስታሌን በረበረ። ብርቱካኑን አገላበጠ፤ የለስላሳውን ጠርሙስ ከፍቶ አሸተተ፣ አረቄ ቢሆንስ? ጫት እንዳልይዝ ኪሴን አስገለበጠኝ። ሲጋራውን ሲያይ ግን ፊቱ በራ። «ይሄ ችግር የለውም፣ ይግቡ አባቴ።»

ግቢው ውስጥ ሕሙማኑ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ያጨሳሉ። ከመካከላቸው ነጭ ጋዋን የለበሰ አማካሪም አለ፤ እሱም ያጨሳል። ልጁ ገና ሰላምታችን ሳያልቅ «ጋሼ፣ አመጡልኝ?» አለኝ። ኋላ ነርሷን ጠየቅኋት። «ሁሉንም ባንዴ ብንነጥቀው አጥር ዘሎ ይሄድብናል። ሲጋራዋን እንኳ እንተውለት እንጂ» አለችኝ። በርኅራኄ ነው የተናገረችው። እኔን የከነከነኝም ርኅራኄዋ ነው።

አዲስ አበባ መቼም ጭንቅላቱ የታመመባትን ሰው ወደ ዳር መሸኘት ታውቅበታለች። የገፈርሳው የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ከቡራዩ ወገን፣ በአምቦ መንገድ ነው። ሰበታ የቢራ አገር ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ብርድና ንጹሕ አየር አላት። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ ተጠቃለሉ። ዘመዳችንን ለንጹሕ አየር ብለን ዳር እናወጣውና ጢስ ገዝተን እንከተለዋለን።

አንድ የቋንቋ ነገር ላንሳ፤ የድሮ እንጀራዬ ነውና ይቅር ትሉኛላችሁ። ጠጪ ሲብስበት «ሰካራም» እንለዋለን። ቃሚ ሲብስበት «ጀዝባ» ይባላል። አጫሽስ? በቀን ሁለት ፓኮ ቢጨርስም ያው አጫሽ ነው፤ የባሰ ስም የለውም። ማጨስ ለዕጣንም የምንለው ቃል ነው። ስም ላላወጣንለት ደዌ ደግሞ ማን አልጋ ያዘጋጃል?

ለነገሩ ይህ የእኛ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የአእምሮ ሆስፒታሎች አልጋውን ላነጠፈና ፊቱን ለታጠበ ታካሚ ሲጋራ በሽልማት መልክ ይሰጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዕውቀቱ ተለውጧል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከሌላው ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድሞ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ብዙዎቹን የሚቀድማቸው ደግሞ የልብና የሳንባ በሽታ ነው። ሲጋራ «ጭንቀት ያበርድለታል» የሚለውም አይጸናም። የሚያበርደው በአብዛኛው ራሱ ያመጣውን የኒኮቲን ጥማት ነው፤ ያቆሙ ሰዎች ከጊዜ በኋላ ጭንቀታቸውም ድባቴያቸውም ቀለል እንደሚል ጥናቶች አሳይተዋል።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው የመድኃኒቱ ጉዳይ ነው። የሲጋራ ጢስ ጉበት እንደ ክሎርፕሮማዚን፣ ኦላንዛፒን እና ክሎዛፒን ያሉትን መድኃኒቶች ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርጋል። ስለዚህ አጫሹ የሚውጠው ክኒን በደሙ ውስጥ ሐኪሙ ካሰበው ያንሳል። በድንገት ሲያቆም ደግሞ ከፍ ይላል፤ በተለይ ክሎዛፒን አደገኛ መጠን ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ሲጋራ የማስቆሙን ሥራ ያው መድኃኒቱን የሚመጥነው ሐኪም ካልያዘው ማን ይይዘዋል? እኔ ያየሁት ፎርም ጫት ይጠይቃል፣ አልኮል ይጠይቃል፣ ሃይማኖትም ይጠይቃል። ሲጋራ ግን የለበትም።

«ሰው ሲጋራ የሚተወው በልቡ ቆራጥነት እንጂ በሐኪም አይደለም» የሚሉ አሉ። ቆራጥነትማ ጥሩ ነው። ዳሩ ግን የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተርን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያም ምክርና መድኃኒት አንድ ላይ እንዲሰጡ አሳስቧል። እኔ ፕላስተሩን ፍለጋ አራት መድኃኒት ቤት ዞሬ አጣሁ። አንደኛው ባለሙያ የቁስል ፕላስተር አውጥቶ ሰጠኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ልጁ ከሦስት ወር በኋላ ወጣ። ጫት ለአራት ወር አልነካም፤ በስልክ እያነበበልኝ አንድ አጭር ልብ ወለድም ጀምሮ ነበር። ሲጋራ የሚገዛባት ሱቅ ከጫት ቤቱ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ጠዋት አንድ ፍሬ፣ ከሰዓት አንድ ፍሬ እያለ እዚያች በረንዳ ላይ ይቆማል፤ የድሮ ጓደኞቹ ደግሞ ከውስጥ ያዩታል። ለሚያውቀው ሰው ሲጋራና ጫት የተለያዩ አይደሉም፤ አንዱ ሲነካ ሌላውን ይጠራዋል። በአምስተኛው ወር ከበረንዳው ወደ ውስጥ ገባ።

አሁን ለሁለተኛ ጊዜ እዚያው ግቢ ነው። እሑድ ልጠይቀው ነው። ትናንት ማታ እናቱ ደወሉልኝ።

«መምህር፣ እንደምን ዋሉ? ብርቱካኑ እንኳ ይቅር፤ ሲጋራዋን እንዳይረሱበት አደራ።»

እሺ አልኳቸው።