ስሕተትን በግልጽ የሚናገር ኮድ

የፕሮግራም ቋንቋው ፒኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2004 አምስተኛ እትሙ ሲወጣ፣ ከተሻሻለው የኦብጀክት አሠራር ጋር ኤክሴፕሽንን ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት አንድ ፈንክሽን ሲሰናከል ብዙውን ጊዜ «ፎልስ» ብሎ ይመልስ ነበር። ጠሪው መልሱን ካልፈተሸ ፕሮግራሙ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል፤ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ፣ ከምንጩ ርቆ ነው።

ኤክሴፕሽን ይህን ዝምታ ሰበረ። ችግሩን ያየው ክፍል ይወረውራል፤ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቀው ክፍል ይቀበላል። በመሃል ያሉት ፈንክሽኖች በየመስመሩ ፍተሻ መደርደር አያስፈልጋቸውም። የሚወረወረውም ራሱ ኦብጀክት ነው፦ እንደ ታማኝ እማኝ መልእክቱን፣ ፋይሉን፣ የመስመር ቁጥሩንና እዚያ ያደረሱትን ጥሪዎች በቅደም ተከተል ይዞ ይቀርባል።

ገንዘብ የሚያስተላልፍ ድረ ገጽ እንውሰድ። ከአንዱ ሒሳብ ተቀንሶ ወደ ሌላው የማስገባቱ ትእዛዝ ቢከሽፍ፣ በመቀበያው ክፍል፣ በ«ካች» ውስጥ፣ የተጻፈው ኮድ ትራንዛክሽኑን ወደ ነበረበት ይመልሳል። ደንበኛው ጨዋ ማሳሰቢያ ያነባል፤ ዝርዝሩ ለባለሙያው በሎግ ይመዘገባል።

ቋንቋው በዚህ መንገድ መግፋቱም ያስመሰግነዋል። በ2013 ስሕተት ቢኖርም ባይኖርም የሚሠራው «ፋይናሊ» ተጨመረ። በ2015 የወጣው ሰባተኛው እትም ፕሮግራሙን በቀጥታ ይገድሉ የነበሩ ብዙ ስሕተቶችን የሚያዙ አደረጋቸው። በ2020 ስምንተኛው እትም ሲመጣ ደግሞ ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ፒዲኦ ስሕተትን ማንም ሳያዘው በኤክሴፕሽን ማሳወቅ ጀመረ።

የማይሳሳት ፕሮግራም የለም። ስሕተቱን በጊዜው፣ በቦታውና በሙሉ ማስረጃ የሚናገር ፕሮግራም ግን ሊታመን ይችላል። ኤክሴፕሽንን የምወደው ለዚህ ነው።