የድንጉላው ወረቀት፦ የዘር ሐረግ፣ ቅኝ ግዛትና የትራንስቫል ፈረሶች

ከ1899 እስከ 1902 በተካሄደው የደቡብ አፍሪካ ጦርነት በብሪታኒያ ጦር በኩል ብቻ ከ326,000 በላይ ፈረሶች አልቀዋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኞቹን የገደላቸው ጥይት አይደለም። ከአርጀንቲና፣ ከአሜሪካ፣ ከሃንጋሪና ከአውስትራሊያ በመርከብ ተጭነው መጡ፤ ከአገሩ ሣርና አየር ጋር ሳይላመዱ ኮርቻ ተጫነባቸው፤ በረሃብ፣ በድካምና በበሽታ ረገፉ። ብሪታኒያን የተዋጉት የቦር (የደች ሰፋሪዎች ዝርያ) ገበሬዎች ፈረሶችም ወይ ከባለቤቶቻቸው ጋር ዘምተው ቀርተዋል፣ ወይ የብሪታኒያ ጦር እርሻውን ሲያቃጥል ተወስደዋል። የቦር ሴቶችና ሕፃናት ከታጎሩባቸው ካምፖች አንዱ የጆሃንስበርጉ የቱርፎንቴይን ፈረስ መጋለቢያ ሜዳ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የብሪታኒያው ገዥ የሎርድ ሚልነር አስተዳደር፣ ቀድሞ የቦሮች ሪፐብሊክ የነበረችውን ትራንስቫልን መልሶ ለማቋቋም ከዘረጋቸው ሥራዎች መካከል በስታንደርተን የተቋቋመው የመንግሥት የፈረስ እርባታ ጣቢያ ይገኝበታል። ከተመዘገበ ዘር የተወለዱ ድንጉላ ፈረሶች ከውጭ መጥተው በጦርነቱ የተራቆተውን አገር ፈረስ «እንዲያሻሽሉ» ታሰበ። እርሻውን ያቃጠለው መንግሥት አሁን ዘር አቅራቢ ሆኖ መጣ። ይህን አቅርቦት እንዴት እናንብበው?

የታሪክ ምሁሯ ሳንድራ ስዋርት በ2010 በጆሃንስበርጉ የዊትስ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተሙት «ራይዲንግ ሃይ» ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ከቀረቡት መልሶች ጠንካራው ይመስለኛል። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ባለዘር ፈረሶች በሚመለከተው ምዕራፋቸው፣ ስለ ፈረስ ደም ጥራት ይባል የነበረው ስለ ሰው ደም ይባል ከነበረው ጋር አንድ ላይ እንደተገመደ ያሳያሉ። (የዊትስ ምዕራባዊ ግቢ የቆመው በቀድሞው የሚልነር ፓርክ የእርሻ ትርኢት ሜዳ ላይ ነው፤ ድንጉላዎች ለዳኛ የሚቀርቡበት ስፍራ የነበረው ዛሬ የተማሪ መመላለሻ ሆኗል።) ንባባቸውን እቀበላለሁ። የምጨነቀው ንባቡ በሌሎች እጅ ሲቀል ነው። ድንጉላው የዘረኝነት ምሳሌ ብቻ ከሆነ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ባዝራውን ያስጠቃው ገበሬ ምን እንደገዛ ሳይታወቅ ይቀራል።

የገዛው ቁመትና ገበያ ነው። ከ1814 እስከ 1826 የብሪታኒያን የኬፕ ቅኝ ግዛት ያስተዳደረው ሎርድ ቻርልስ ሶመርሴት የእንግሊዝ ባለዘር ድንጉላዎችን ሲያስመጣ የእሽቅድምድም ፍቅር ቢኖርበትም ንግዱንም አልዘነጋም፤ ሥልጣኑን ከፈረስ ሽያጩ ጋር አቀላቅሏል ተብሎም ክፉኛ ተወቅሷል። ከእሱ በኋላ በህንድ የነበረው የብሪታኒያ ጦር ሁነኛ ገዢ ሆኖ መጣ። ጦሩ የሚፈልገው ቁመቱ የታወቀ፣ ኮርቻና ወታደር ተሸክሞ ርቆ የሚሄድ ፈረስ ነው። እናም አንድ የገጠር ገበሬ በአጭር ባዝራው ላይ ረጅም ድንጉላ ሲያስወጣ ስለ ደም ንጽሕና እየተፈላሰፈ ነበር ማለት ይከብደኛል። የሚወለደው ውርንጭላ በስንት እንደሚሸጥ እያሰላ ነበር።

የዚያ ዘመን የድንጉላ ማስታወቂያ በእንግሊዝ ግዛቶች ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ነበረው። የድንጉላው ስም፣ አባቱ፣ እናቱ፣ የእናቱ አባት፣ ቀለሙ፣ ቁመቱ፣ ያሸነፈባቸው ውድድሮች ይዘረዘራሉ። ዋጋው ጊኒ በሚባለው የእንግሊዝ ገንዘብ ነው። ለፈረስ ጠባቂው የሚሰጥ ትንሽ ክፍያ ለብቻው ይጠቀሳል፤ ባዝራዋ ግቢው ውስጥ ስትሰነብት የምትግጥበት ሒሳብም እንዲሁ። አደጋ ቢደርስ ባለቤቱ ተጠያቂ አይደለም። የማስታወቂያው ስፋት ለወንዱ ነው፤ ባዝራዋ የምትጠቀሰው ሒሳብ ሲመጣ ነው።

በረቱ ውስጥ የሚሆነውን ማስታወቂያው አይነግረንም። በደቡቡ ጸደይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባዝሮች ይመጣሉ። ውዱ ድንጉላ ወዲያው አይለቀቅባቸውም፤ ባዝራዋ ካልደረሰች ረግጣ ልትሰብረው ትችላለች። ስለዚህ ዋጋ የሌለው፣ መዝገብ የማያውቀው ሌላ ድንጉላ በአጥሩ ወዲያ ማዶ ቀርቦ ይፈትናታል። ጆሮዋን አጋድማ ከነከሰች አልደረሰችም፤ ቆማ ከተቀበለችው ፈታኙ በልጓም ተጎትቶ ይወሰዳል፣ ባለወረቀቱ ይመጣል። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ትፈተናለች፤ ከያዘች አሥራ አንድ ወር መጠበቅ ነው። ልጓሙን የሚይዘው፣ ድንጉላውን የሚያረጋጋው፣ ፀባዩን ከባለቤቱ በተሻለ የሚያውቀው በአብዛኛው ጥቁር ሠራተኛ ነበር። ስሙ የትም አልሰፈረም። ከስዋርት መጽሐፍ በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ጊዜውን ቢያውልበት የምመርጠው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ዘር ሐረጉ ወረቀት እንመለስ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጀመረው የእንግሊዝ የፈረስ ዘር መዝገብ ሦስት መሥራች አባቶችን ይቆጥራል፤ ሦስቱም ከምሥራቅ የመጡ ናቸው። የኬፕ ፈረስ ቅድመ አያቶችም በ1650ዎቹ በደች የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መርከብ ከጃቫ የመጡ፣ የምሥራቅ ደም ያለባቸው ፈረሶች ነበሩ። «ንጹሕ» የተባለው እንግሊዛዊና «ተራ» የተባለው የቦር ፈረስ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ ልዩነታቸው የአንደኛው ልደት በጊዜው መጻፉ ነው።

አገሩ ደግሞ የራሱን መዝገብ ይይዝ ነበር። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በ1854 እና በ1855 ኬፕ ውስጥ ወደ 70,000 የሚጠጉ ፈረሶችን ፈጀ። ሣንባውን ውኃ ይሞላዋል፣ አረፋ በአፍንጫው ይወጣል፣ ጠዋት ደህና የነበረ ፈረስ ማታ ሊወድቅ ይችላል። ገበሬው በሽታው በጤዛ ይመጣል ብሎ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈረሱን ያስገባል፣ ጤዛው ሳይደርቅ አያወጣውም። ምክንያቱ የተሳሳተ ቢሆንም መድኃኒቱ ይሠራ ነበር፤ በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትበረታው በሌሊት ነውና። ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውርጩ ይረዳታል፤ ወደ ሰሜን ቆላው ሲወረድ ግን ከበሽታው የተረፈ ፈረስ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆን ነበር። ሻጩም ዋስትና ጽፎ ይሰጥ ነበር፤ ፈረሱ በዚያ በሽታ ከሞተ ገንዘቡ ይመለሳል።

እንግዲህ ሁለት ወረቀቶች ተፎካከሩ ማለት ነው። አንደኛው ከማን እንደተወለደ፣ ሁለተኛው ከምን እንደተረፈ ይመሰክራል። ሁለቱም ሙሉ እውነት አልያዙም። በሽታው ዘጠኝ ዓይነት አለው፤ ከአንዱ የተረፈ በሌላው ሊሞት ይችላል። ከበሽታ በመትረፍ የተገኘ መከላከያም ከድንጉላው ዘር አይወረስም። ውርንጭላው ለጥቂት ወራት የሚጠበቀው በእናቱ እንገር ነው፤ ማስታወቂያው የዘለላት ባዝራ ማለት ነው። ስዊዘርላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም አርኖልድ ታይለር በ1908 ከፕሪቶሪያ ሰሜን የኦንደርስቴፖርትን ምርምር ጣቢያ ሲመሠርት ይህ በሽታ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ነበር። ክትባቱ እስኪመጣ ድረስ ውድ ድንጉላን ቆላ ማውረድ ቁማር ነበር።

የጆሃንስበርግ ወርቅ ያፈራው ገንዘብ የሄደውም በሽታው ወደማይበረታበት ቦታ ነው። የማዕድን ባለሀብቱ ሰር ኤብ ቤይሊ ፈረሶቹን ያራባ የነበረው በደረቁና በቀዝቃዛው የካሩ ምድር፣ በኮልስበርግ አካባቢ ነው። ዋንጫው ጆሃንስበርግ ይገኛል፣ ዘሩ ግን ሌላ አውራጃ ያድጋል። ስለዚህ የትራንስቫሉ ተራ ገበሬ የዘር ሐረግ ያለው ድንጉላ ሲቀርብለት ሌላ ምድር ላይ፣ በሌላ ሰው ሀብት የሚያዋጣ ዕቃ ይቀርብለት ነበር ማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ሊል ይችላል። በእኛ ዘንድ ፈረሱ አባቱን አይጠየቅም፤ ይልቁንም ጌታው በፈረሱ ይጠራል። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ እያልን የነገሥታቱንና የጦር አዝማቾቹን የፈረስ ስም እናውቃለን፤ የፈረሶቹን የትውልድ ሐረግ የሚነግረን ግን አናገኝም። መኳንንቱ ለጉዞ ይመርጧት የነበረችው በቅሎም ዘር የማትተካ ፍጥረት ናት። ሆኖም ከዚህ ተነስቶ እኛ ከደም ቆጠራ ነፃ ነን ማለት ራስን መደለል ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች የሚለው ተረት የተፈጠረው ዘሩን በሚደብቅ ሰው ለመሳቅ ነው። ልዩነቱ ምናልባት እኛ ቆጠራውን ለሰው ስናውለው እንግሊዞቹ ለሁለቱም ማዋላቸው ነው።

የስታንደርተን ድንጉላዎች ምን ያህል አሻሻሉ ለሚለው ጥያቄ የተሻለው ምስክር ከጎረቤቱ አውራጃ ከኤርሜሎ ይመጣል። የዛሬዋ ሌሶቶ ሕዝብ የሆኑት ባሶቶዎች ከ1830 አካባቢ ጀምሮ ፈረስ ይዘው፣ በድንጋያማ ተራራቸው ላይ ያለ ምንም መዝገብ አጭር፣ ጽኑና ባዶ እግሩን የሚሄድ ፈረስ አፈሩ። በጦርነቱ ጊዜ የብሪታኒያ ጦር ራሱ በብዛት ገዝቷቸዋል፤ ቁጥራቸውም ተመናመነ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ አፍሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት በኤርሜሎ አጠገብ በሚገኘው የኖይትኸዳኽት ምርምር ጣቢያ የአገሩን ፈረስ ከመጥፋት ለማዳን ሲነሳ መነሻ ያደረገው ጥቂት የባሶቶ ባዝሮችን ነው። የአረብ ድንጉላ ተጨመረባቸው፤ ከሚወለዱት ደካማ የሆነው እየተለየ ወጣ። ዝርያው የጣቢያውን ስም ወሰደ፣ የአርቢዎች ማኅበር ተቋቋመለት፣ መዝገብም ተከፈተለት። ዛሬ የኖይትኸዳኽት ድንጉላ ለእርባታ ሲቀርብ አባቱ፣ እናቱና የእናቱ አባት በስም ይዘረዘራሉ፤ ባዝሮቹን ለዘመናት ያራቡት የባሶቶ ባለቤቶች ግን መዝገቡ ከተከፈተበት ገጽ በፊት ስለቀሩ አይገኙበትም።