በሰማይ እውነት፣ በምድር ተውኔት፦ «የገሃነም መላእክት»ን ዛሬ ማየት

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1927 ወጣቱ ባለሀብት ሃዋርድ ሂዩዝ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎች ፊልም መቅረጽ ሲጀምር፣ ሥራው የታቀደው ድምፅ አልባ ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት «ዘ ጃዝ ሲንገር» ለሕዝብ ቀረበና የሆሊውድ አካሄድ ተለወጠ። ሂዩዝም የምድሩን ትዕይንት በንግግር እንደገና አስቀረጸ። የኖርዌዪቱ ተዋናይ ግሬታ ኒሰን አነጋገር ለእንግሊዛዊት ገጸ ባሕርይ አልስማማ ስላለ ቦታዋን ጂን ሃርሎ ወሰደች፤ ንግግሩን እንዲያዘጋጅም የቲያትር ሰው ጄምስ ዌል ተጠራ። የአየሩ ቀረጻ ግን በአመዛኙ እንዳለ ቀርቶ ድምፅ ብቻ ተጨመረበት። በ1930 ግንቦት ለእይታ የበቃው «ሄልስ ኤንጅልስ»፣ ማለትም «የገሃነም መላእክት»፣ በአንድ ስም የሚጠራ ሁለት ፊልም ነው።

የምድሩ ክፍል አርጅቷል። ተዋንያኑ ከማይክሮፎኑ እንዳይርቁ የተፈረደባቸው ይመስል ቆመው ይነጋገራሉ። የኦክስፎርድ ተማሪዎች ናቸው የተባሉት ወንድማማቾች፣ ሮይና ሞንቲ፣ በጠራ አሜሪካዊ አነጋገር ሲናገሩ ተመልካች ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ሰማዩ ግን አላረጀም። ሂዩዝ ደመና ፍለጋ የቀረጻ ጓዙን ወደ ኦክላንድ እስከ ማዛወር የደረሰው በከንቱ አልነበረም። በባዶ ሰማይ ላይ አውሮፕላን የቆመ ይመስላል፤ ፍጥነቱ የሚታወቀው ከኋላው ደመና ሲኖር ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራው የአየር ውጊያ ይህን ክብደት እምብዛም አያገኝም።

ከሁሉም የሚልቀው የዜፔሊኑ ትዕይንት ነው። የጀርመን አየር መርከብ ለንደንን ለመደብደብ በሌሊት ይመጣል። የወንድማማቾቹ የኦክስፎርድ ጓደኛ ካርል በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ ከደመናው በታች ይወርድና ዒላማውን እንዲያመለክት ይታዘዛል። እርሱ ግን ቦምቦቹ ሐይቅ ውስጥ እንዲወድቁ ያደርጋል። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሲቃረቡ አዛዡ ገመዱን ያስቆርጣል። ከዚያም መርከቡ ቀልሎ ከፍ እንዲል ዕቃው ይጣላል፤ ዕቃው ሲያልቅ ተራው የሰው ይሆናል። ወታደሮቹ አንድ በአንድ ሰላምታ እየሰጡ ወደ ጨለማው ይዘላሉ። እዚህ ላይ የጀርመንኛው ንግግር ትርጉም የሚቀርበው እንደ ድምፅ አልባው ዘመን በጽሑፍ ነው። በዚያ ሁሉ ንግግር ያልተገኘው አሰቃቂነት የተገኘው ቃል በሚያጥርበት በዚህ ስፍራ ነው።

ይህ ትዕይንት ከፊልሙ ውጪም ሌላ ታሪክ ያስታውሳል። ቀረጻው በርካታ ሰዎችን ገድሏል። በ1929 እየተሽከረከረ መውደቅ የነበረበት ትልቅ የሲኮርስኪ አውሮፕላን ሲቀረጽ፣ አብራሪው በጃንጥላ ወጣ፤ ለትዕይንቱ የሚያስፈልገውን ጭስ ከውስጥ ሆኖ ይለቅ የነበረው መካኒክ ፊል ጆንስ ግን ሞተ። ከፍታ ለማግኘት ሰው መጣሉን የሚያወግዝ የሚመስለው ፊልም፣ ጭሱን በሰው ሕይወት ገዛ። የትዕይንቱን ውበት የሚያደንቅ ተመልካች፣ እኔም ጭምር፣ ይህን ሳያውቅ ቢያይ እንደሚቀለው እሙን ነው።

ሌላም ጉድለት አለ። ካሜራው የአብራሪው ወገን ነው፤ ከቦምቡ በታች ያለው ሕዝብ ፊት የለውም። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ደሴ በፋሺስት አውሮፕላን መደብደቧን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህን ልብ ሳይል አያልፍም። ኢትዮጵያን በቦምብ ከደበደቡት አብራሪዎች አንዱ የነበረው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶርዮ ኋላ የፊልም ሰው ሆኖ፣ በ1938 እ.ኤ.አ. ጀግናው በኢትዮጵያ ምድር የሚሞትበት «ሉቻኖ ሴራ፣ ፒሎታ» የተሰኘ የአብራሪ ፊልም ሲሠራ በበላይነት ተቆጣጥሯል። በዚያም ፊልም ሰማዩ የአብራሪው ብቻ ነበር።

የሂዩዝ ፊልም ከዚህ ጋር አንድ አይደለም፤ በጦርነት ላይ የመረረ ቃል አለውና። ችግሩ ቃሉን ያስቀመጠበት አፍ ነው። ጦርነትን የሚያወግዘው ፈሪ የተባለው ሞንቲ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ተማርከው ሞንቲ ምሥጢር ሊያወጣ ሲል ሮይ ተኩሶ ይገድለዋል፤ ሮይም ይረሸናል። ፊልሙ ለዚህ ሞት በቂ ጊዜና እንባ ይሰጣል። ትእዛዝ አፍርሶ ለንደንን ያተረፈው ካርል ግን ገመዱ ሲቆረጥ ይወድቃል፣ ካሜራውም ወደ ውጊያው ይመለሳል።