ግንብን የሚያስረው እንጨት

በግንብ ሥራ ለሚተዳደር የወልድያ ሰው ላስታ ሩቅ አይደለም። የድልብን አቀበት ከሚወጣው ብዙው ላሊበላን ሊሳለም ነው። ሙያውን መማር ለሚፈልጉ ወጣቶች ግን ሁልጊዜ የምነግራቸው መጀመሪያ የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን እዩ እያልኩ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትልቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ስሙን የሰጠው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ከቅዱስ ላሊበላ ቀድሞ የነገሠ የዛጉዌ ንጉሥ ነበር። ዋሻው ዝናቡን ስለከለከለለት የግድግዳው እንጨት እስከ ዛሬ አለ።

ግድግዳውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። አንድ ረድፍ ድንጋይ በነጭ ተለስኗል፤ በላዩ ጥርብ እንጨት ተጋድሟል፤ ከዚያ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት። ጎብኚ ጌጥ ይመስለዋል። በጭቃ የገነባ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል፤ ጭቃ ድንጋይን ያስቀምጣል እንጂ አያስርም። ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር ሆድ ያወጣል። አግዳሚው እንጨት ክብደቱን ለግድግዳው ርዝመት ያካፍላል። የግድግዳውን ውፍረት አቋርጦ የሚገባው አጭር እንጨት ደግሞ የውጩንና የውስጡን አግዳሚ ነክሶ ይይዛል። የዚህ አጭር እንጨት ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ ሲል ነው የዝንጀሮ ራስ የሚባለው። ደብረ ዳሞ ላይ በደንብ ይታያል። የአክሱም ሐውልቶች ላይም በድንጋይ ተቀርጿል።

አሁን ወደ ላሊበላ እንውረድ። ቤተ አማኑኤል ያንኑ ግድግዳ ለብሷል፤ እንጨት ግን የለበትም። ጠራቢው ከአንድ ወጥ አለት እየፈለፈለ ወጣ ገባውን አውጥቶለታል። አለት ማሰሪያ አይፈልግም። ቤተ ጊዮርጊስ ላይ ደግሞ የታችኞቹ 9 መስኮቶች ዕውር ናቸው፤ ብርሃን የሚያስገቡት የላይኞቹ 12 ናቸው። ዕውሮቹም ቢሆኑ ማዕዘናቸው ላይ የዝንጀሮ ራስ አልቀረባቸውም።

የእንጨትን ሥራ በድንጋይ የመቅዳት ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር ኧርልስ ባርተን በምትባል መንደር ከ1,000 ዓመት በፊት የተሠራ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ግንብ አለ። ፊቱ ላይ ቀጫጭን የድንጋይ ዘንጎች ቁልቁልና አግድም፣ አንዳንዱም ሰያፍ፣ ተደርድረው የእንጨት ቤት ያስመስሉታል። ግንበኛው ምን አስቦ እንደሆነ ሊቃውንት ይከራከራሉ።

የላሊበላው ጠራቢ ግን ሳያውቅ ቀዳ ቢሉኝ አልቀበልም። እያንዳንዱን ጫፍ አናጺ በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ በመቃኑ ማዕዘን ላይ ነው ያስቀመጠው። እንጨት ገጥሞ የማያውቅ እጅ እንዲህ አይጠርብም። ዛሬ በሲሚንቶ ቀርጸን በአዲስ ግንብ ላይ የምንለጥፈው የዝንጀሮ ራስ ግን ብዙ ጊዜ ቦታውን እንኳ አያውቅም። ይሁን፣ ጉዳት የለውም።

ጉዳት ያለው የአሮጌ አብያተ ክርስቲያናት እድሳት ላይ ነው። መርሳና ሀብሩ በኩል በጭቃና በድንጋይ የተሠራ አሮጌ ግንብ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ በሲሚንቶ ልስን መሸፈን ነው። ያምራል፣ ምእመኑም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ከመሠረት የሚሳበውና ከጣሪያ የሚያፈሰው ውሃ መውጫ ያጣል። ጭቃው ውስጥ ለውስጥ ይላላል፤ የታፈነው እንጨት ይበሰብሳል። ልስኑን በጣታችሁ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጣችሁ ከግንቡ ተለይቷል ማለት ነው። ቆላማ በሆነው ወገን ምስጥም አለ። ምስጥ የሐበሻ ጽድን እንደ ባሕር ዛፍ በቀላሉ አይደፍረውም፤ አባቶች ጽድ የመረጡት በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ የአጥቢያችሁን ቤተ ክርስቲያን ለማሳደስ ገንዘብ የምታሰባስቡ የኮሚቴ አባላት፣ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ጣሪያውን አስደፍኑ፣ በዙሪያው የውሃ መውረጃ አስቆፍሩ። ከዚያ በጭቃ የገነባ አንድ አሮጌ ግንበኛ ጥሩና እንጨቱን ያሳያችሁ። ጤነኛ ከሆነ አትንኩት፤ የበሰበሰውን ብቻ በጽድ ተኩ፣ ልስኑንም በኖራ አሠሩ።